«እማማ፣ እማዬ ልትመጣ ስንት ቁልፍ ቀራት?»

በእንዲህ ያለው ዓምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ፍቅርና ስለ ቅናት ብዙ ይባላል። እኔ ግን ዛሬ ይዤ የመጣሁት የትንንሾቹን ጉዳይ ነው። እነዚያ ገና ደብተር ያልያዙ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ «ይሄ ምንድነው? ለምን? ከዚያስ?» እያሉ ናላችንን የሚያዞሩት ልጆች!

መቼም የዘመኑ ወላጅ ልጅ ሲያስቸግረው የሚያውቀው ሁለት መድኃኒት ነው። አንደኛው ስልክ ነው፤ «እንካ፣ ይህን እያየህ ዝም በል!» ይለዋል። ሁለተኛው ደግሞ ልጁ አፉን በቅጡ ሳይፈታ ክፍያው ሰማይ የነካ ትምህርት ቤት ማስገባት ነው። ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ። እኔ ሦስተኛ መድኃኒት አለ ባይ ነኝ። ይሄኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሰው ግን ይጠይቃል። ጣጣውም እዚያ ላይ ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ጡረታ የወጣሁ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ከ25 ዓመት በላይ የሰው ልጅ ንፍጥ ስጠርግ፣ ጫማ ሳስር፣ ሀ ሁ ሳስቆጥር ኖርኩና «እንግዲህ እፎይ ልበል» ስል፣ የራሴ ልጅ የ3 ዓመት ከ2 ወር ሕፃኗን አስታቅፋኝ አረብ አገር ሄደች። አልፈርድባትም። የሕፃኗ አባት የት እንደገባ አይታወቅም፤ እዚህ የነበራት ደመወዝም ከቤት ኪራይ አያልፍም ነበር። የ2 ዓመት ኮንትራት ፈርማ ስትሄድ ኤርፖርት በር ላይ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እማዬ፣ ስመለስ የማታውቀኝ እንዳትሆን፤ አደራ!»

አደራ ደግሞ ከባድ ነው። እንግዲህ እኔና የልጅ ልጄ (ለጨዋታችን «ሚጣ» ልበላት) ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀረን። ግቢ የለ፣ አፈር የለ፣ ዶሮ የለ፤ ከበረንዳና ከኮሪደር በቀር መሮጫ የለ።

ታብሌት «ወዬ» አይልም

እናቷ ከሄደች አራት ወር ሳይሞላ፣ ወደ አገሯ ከምትመለስ አንዲት ጓደኛዋ ጋር ታብሌት ላከች። «ሚጣ እንዳይደብራት» ብላ ነው። ልጅቷ በደስታ አበደች። እኔም ወጥ ስሠራ ማንም ጉልበቴን አይጎትተኝም። ምን አለፋችሁ፣ ቤቱ ጸጥ አለ።

ጸጥታው ግን አላማረኝም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «ለምን?» የምትለው ቃል ከቤታችን ጠፋች። ስሟን ስጠራ ዞር አትልም። ከእጇ ላይ ልወስድባት ስል ጩኸቷ አምስተኛ ፎቅ ይሰማል። ደግሞ የሚገርመው፣ ቀለማትን በእንግሊዝኛ እንደ ወፍ ትለፈልፋቸዋለች፤ ውሃ ሲጠማት ግን «ውሃ ስጪኝ» ማለት ትታ በጣቷ ጆጉን ትጠቁመኛለች። ጎረቤቶቼ «ጎበዝ! ፈረንጅኛ ቻለች!» ብለው ሲያደንቁ እኔ ውስጤ ይፈራል። በሙያዬ ብዙ ልጅ አይቻለሁና ምልክቱን አውቀዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ አንጎል 5 ዓመት ሲሞላው በመጠኑ የትልቅ ሰውን አንጎል 90 በመቶ ያህል ይደርሳል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ከምንም በላይ የሚመግበው ምልልስ ነው። ልጅ ይጠራል፤ «ወዬ» ይባላል። ይጠይቃል፤ ይመለስለታል። ይሳሳታል፤ ሰው ይስቅና ያርመዋል። እንዲህ እየተቀባበለ ነው ቃልም፣ ሐሳብም፣ ትዕግሥትም የሚይዘው። ታብሌት ግን ስንት ነገር ቢያወራም «ወዬ» አይልም። ልጅቷ ዝም ብትል ዝም ማለቷን አያውቅም፤ ብታለቅስም ዘፈኑን ይቀጥላል።

ይህ የአሮጊት ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 4 ዓመት የሆኑ ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጡ ይመክራል፤ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። 1 ዓመት ላልሞላው ጨርሶ አይመከርም። የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ከዚያም ውስጥ 60 ደቂቃውን መሮጥና መዝለል፣ በ24 ሰዓት ውስጥም ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለባቸው ይላል።

ስክሪን ሁሉ መርዝ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የእኛ ትውልድ አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን ሲያይ አድጓል፤ «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የቀጭኔዋ አሻንጉሊት ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጀመር ተማሪዎቼን ብዙ ጠቅሟቸዋል። ግን ያኔ ሰዓቱ ሲያልቅ ያልቃል፤ ልጅም ያየውን ለሚሰማው ሰው ይተርካል። የዛሬው ማለቂያ የለውም።

እናም ታብሌቱን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ሦስት ቀን ለቅሶ ሆነ። በአራተኛው ቀን ሚጣ ጓዳ መጥታ ቀሚሴን ጎተተችና «እማማ፣ ሽንኩርት ለምን ያስለቅሳል?» አለችኝ። እልል ማለት ነው የቀረኝ!

«ታዲያ እኔ ምን ልላክላት?»

ከባዱ ለልጅቷ ሳይሆን ለእናቷ ማስረዳት ነበር። ዓርብ ዕለት በኢሞ ስትደውል ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። «እማዬ፣ የማዳም ልጆች እኮ እያንዳንዳቸው አላቸው! የእኔ ልጅ ከማን ታንሳለች?» አለች። ቀጥላ ደግሞ ድምፅዋ ሰለለ። «ታዲያ እኔ እዚህ ሆኜ ምን ልስጣት? ዕቃ ከመላክ በቀር ምን እጅ አለኝ?»

ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። አረብ አገር፣ አውሮፓ፣ አሜሪካ ሆነው ለልጆቻቸው አሻንጉሊት በካርቶን የሚልኩ ስንት እናቶችና አባቶች ይህንኑ ይሉ ይሆን? በማግስቱ መልሴን ላክሁላት። «ዓርብ ዓርብ አንቺ ድምፅሽንና አንድ እንቆቅልሽ ይዘሽ ነይ፤ የሳምንቱን ሌላ ሥራ ለእኔ ተይው» አልኳት። የሳምንቱን ሥራ እንደሚከተለው ሠራነው። የሚመቻችሁን ውሰዱ።

ጓዳው ትምህርት ቤት ነው

ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ጣሊያናዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የድሆች ሰፈር የመጀመሪያውን የልጆች ቤት ስትከፍት፣ ልጆቹን ካስተማረችባቸው ነገሮች ውስጥ ውሃ መቅዳት፣ ወለል መጥረግና የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ይገኙበታል። ዛሬ ስሟ ውድ ታፔላ ላይ ይጻፋል እንጂ ነገሩ የድሃ ቤት ነገር ነበር።

ከቡና እንጀምር። ቡና ሲፈላ ሲኒ የምትደረድረው ሚጣ ናት። «ዛሬ ስንት ሰው ነን?» እላታለሁ። በጣቷ እየነካች ትቆጥረናለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሲኒ ታስቀምጣለች። አምስት ሰው ሆነን አራት ሲኒ ካወጣች አልነግራትም። እትዬ ጎረቤቴ ባዶ እጇን ዘርግታ «የእኔስ የታል?» ስትላት፣ አንድ መጉደሉን ራሷ ታውቀዋለች። እስከ መቶ እንደ ዳዊት የሚያነበንብ፣ ግን «ሦስት ዳቦ አምጣ» ሲባል እፍኙን ሞልቶ የሚመጣ ልጅ በክፍሌ ስንቱን አየሁ! ቁጥር ማለት አንዱን ከአንዱ ማጣጣም ነው፤ ይህ ደግሞ በሲኒ ይገባል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባልም አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማለት ምን እንደሆነ ያለ ደብተር ይገባታል።

ምስር ስለቅም አጠገቤ ትቀመጣለች። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ደባልቄ በትሪ እሰጣትና በሦስት ሳህን ትለየዋለች። መጀመሪያ በመልክ፣ ሌላ ቀን በመጠን፣ ሌላ ቀን ደግሞ ዓይኗን ጨፍና በመዳሰስ። ጣቶቿም ለእርሳስ የሚዘጋጁት በዚሁ ነው። ታዲያ አደራ! ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ እህል፣ ቁልፍና ቆርኪ እንዳትሰጡ። አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከታል፤ ሊያንቀውም ይችላል። ከዚያ በላይ ላለውም ቢሆን አጠገቡ ሰው ይኑር። ከእሳትና ከሚፈላ ጀበና ደግሞ ይራቅ።

ውሃም አለ። ሁለት እኩል ብርጭቆ ሙሉና «እኩል ናቸው?» በሏት። «አዎ» ትላለች። አንደኛውን እያየች ወደ ረጅምና ቀጭን ጠርሙስ ገልብጡት። አሁንስ? የ4 ዓመት ልጅ «ጠርሙሱ ይበልጣል!» ማለቷ አይቀርም። ይህን ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896-1980) የተባለው የስዊዘርላንድ ሊቅ ነው ያሳወቀን። እስከ 7 ዓመት አካባቢ ድረስ አብዛኞቹ ልጆች በዓይናቸው ከፍታ ይታለላሉ። ስለዚህ «አንቺ ደደብ!» አይባልም። «እስኪ መልሰሽ ገልብጪው» ይባላል። ሚጣ አንድ ቀን ሰባት ጊዜ ስትገለብጥ ዋለች። ወለሉ ረጠበ፤ መጥረጊያ ሰጠኋትና እሱንም ተማረች።

ሌላው «ምን ጎደለ?» ነው። ትሪ ላይ አምስት ነገር አስቀምጡ፤ ማንኪያ፣ ሎሚ፣ ክር፣ ሳንቲም፣ ማበጠሪያ። ልጁ ይያቸውና በነጠላ ሸፍናችሁ አንዱን ደብቁ። «ምን ጎደለ?» ለማስታወስ ችሎታ እንዲህ ያለ ጨዋታ የለም። ቀጥሎ ደግሞ ልጁ ይደብቅ፤ እናንተ ፈልጉ። ሚጣ እኔን ማሸነፍ ከጀመረች ቆይታለች። ዕድሜዬ ነው መሰል!

መንገዱም ያስተምራል

ጉሊት ስንሄድ «ከቲማቲሙና ከሎሚው የቱ ይከብዳል?» ብዬ በሁለት እጇ አስይዛታለሁ። መጀመሪያ ትገምታለች፤ ከዚያ ሻጯ ትመዝንልናለች። ሚኒባስ ስንጠብቅ ሰማያዊና ነጩን እንቆጥራለን፤ ታርጋው ላይ የምታውቀውን ቁጥር ትፈልጋለች። ሹሩባ ስሠራት «ቀይ ጨሌ፣ ነጭ ጨሌ፣ ቀይ ጨሌ... ቀጥሎስ?» እላታለሁ። የነጠላ ጥለትም እንዲሁ ነው፤ ተራ አለው፤ ይደጋገማል። ይህ የሒሳብ መሠረት ነው።

አንድ ምሽት ከለቅሶ ስንመለስ «እማማ፣ ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» አለችኝ። እንዲህ ሲጠየቅ ትልቅ ሰው ሁለት መጥፎ ልማድ አለው። ወይ «ዝም በይ!» ይላል፤ ወይ ሳያውቅ ይቀባጥራል። እኔ መልሼ «አንቺ ምን ይመስልሻል?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ቤታችንን ስለማታውቀው ነዋ!» አለች። ሳቅሁና «እስኪ ነገ ታክሲ ውስጥ አንድ ነገር እናያለን» አልኳት። በማግስቱ በመስኮት ስናይ የመብራት ምሰሶዎቹ ወደ ኋላ ይሮጣሉ፤ እንጦጦ ግን እዚያው አለ። ሩቅ ያለ ነገር ቶሎ አይታለፍም። ጨረቃ ደግሞ ወደ 384,000 ኪሎ ሜትር ትርቃለችና የትም ብንሄድ አብራን ያለች ትመስላለች። ቁጥሩ አልገባትም፤ «ከእማዬም ትርቃለች?» ብላ ጠየቀች። አዎ፣ ከእማዬም ትርቃለች።

ሩጫና ጓደኛም ያስፈልጋል። ከኮንዶሚኒየሙ እናቶች ጋር ተማከርንና ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ልጆቹን በተራ ሜዳው ላይ እንጠብቃለን። ሰኞ ማክሰኞ በኖራ ይሰመራል፤ ድብብቆሽ አለ፤ ዕቃቃ አለ። ዕቃቃን አትናቁ። አንዷ እናት፣ አንዱ ባለሱቅ፣ አንዱ ሐኪም ሲሆኑ የሌላውን ሰው ሐሳብ መገመትን፣ መደራደርን፣ ተራ መጠበቅን ይማራሉ። ቆርኪው ብር ነው፤ ቅጠሉ ጎመን ነው። ፋብሪካ የሠራው ሲጫኑት የሚጮኽ አሻንጉሊት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቆርኪ ግን ልጁ ያለውን ሁሉ ይሆናል።

ዓርብ፣ እንቆቅልሽና ቁልፎቹ

ማታ ማታ ተረት አለ። ግን ጨርሼ አልተርክም። ጅቡ አህያዋ ቤት ደርሶ በር ሲያንኳኳ አቆምና «ከዚያስ ምን ሆነ?» እላታለሁ። አንድ ቀን አህያዋን «የለሁም በሉት» አስባለቻት። ይህን የምታክል ጥበብ ማን አስተማራት?

እናቷ ደግሞ ቃሏን ጠብቃ ዓርብ ዓርብ እንቆቅልሽ ይዛ ትመጣለች። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልሽ!» «ቀኑን ሙሉ እጠጣለሁ፣ እፋቃለሁ፣ ማታ ተጨምቄ እሰቀላለሁ፤ እኔ ማነኝ?» የወለል መወልወያ ጨርቅ ነው። ልጄ ከሥራዋ ላይ እያነሳች ትፈጥረዋለች። «እማዬ፣ ልብስ ስተኩስ እንኳ እንቆቅልሽ ሳስብ እውላለሁ፤ ቀኑ ይሄድልኛል» አለችኝ። ያኔ የመጀመሪያውን ጥያቄዋን አላነሳችም። የምትሰጠው ነገር አግኝታለች።

ደንቡን ታውቃላችሁ፤ መልሱን ያላወቀ አገር ይሰጣል። «አገር ስጪኝ» ስትላት ሚጣ መጀመሪያ «ሱቅ ሰጠሁሽ» ትል ነበር። እኔ ጎን ሆኜ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጂማን፣ መቀሌን እሹክ እያልኩላት የአገሯን ከተሞች አወቀች። አንድ ዓርብ ታዲያ እናቷ የጎንደርን ስም ጠብቃ «አገር ስጪኝ» ብትላት፣ ሚጣ ትክ ብላ አየቻትና «አዲስ አበባን ሰጠሁሽ። ነይና ውሰጃት» አለች። ስልኩ ላይ የእናቷ ፊት ወዲያው ዞረ። ጣሪያው ብቻ ታየን።

ቁልፎቹስ? ልጅ በዚህ ዕድሜው «ትናንት» እና «ነገ» ይምታታበታል። ሚጣም በየቀኑ «ዛሬ ዓርብ ነው?» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ከአሮጌ ሸሚዝ ላይ 7 ቁልፍ ቆርጬ አንድ ብርጭቆ ውስጥ አደረግሁ። በየጠዋቱ የቀኑን ስም እየጠራች አንዱን ወደ ሌላው ብርጭቆ ታሻግራለች። የቀረውን ታያለች፣ ያለፈውን ታያለች። ሁለት ወር ሳይሞላ የቀናቱን ስም በቅደም ተከተል ያዘች።

አንድ ማለዳ ግን ቁልፉን በእጇ እንደያዘች «እማማ፣ እማዬ ልትመጣ ስንት ቁልፍ ቀራት?» አለችኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? «ነገ ትመጣለች» ብሎ ማባበል ቀላል ነው። ግን መቁጠር ያስተማራችሁትን ልጅ እንዴት ትዋሹታላችሁ? ነገ ተነሥቶ ይቆጥራላ! እውነቱን ነገርኳት። «ብዙ ነው የኔ እናት። ይህ ብርጭቆ አይበቃውም» አልኳት። ሄደችና የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ እየጎተተች መጣች። «ይሄስ ይበቃዋል?»

«እሱ ይበቃዋል» አልኳት፤ ከዚያ በላይ ድምፅ አልነበረኝም። ቁጭ ብለን ዓርቦቹን አሰላን፤ 61 ሆኑ። ከሰፈሩ ሱቆች 61 ቆርኪ ለቀምን፤ አጥበን፣ አሥር አሥሩን ደረደርን። ስድስት ረድፍ ሆነና አንድ ተረፈ። አሥር አሥር እያሉ መቁጠርን ያን ቀን ተማረች። በየዓርቡ ስልኩ ሲዘጋ አንድ ቆርኪ ከሳፋው ታወጣለች፤ እናቷም እዚያ አልጋዋ ሥር እንዲሁ ታደርጋለች። ይህን ስጽፍ 9 ቀርቷል።

ፊደሉስ? ትምህርት ቤቱስ?

«ሀ ሁ መቼ ልጀምርለት?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የአማርኛ ገበታ 33 ፊደል በ7 ድምፅ፣ በጠቅላላው 231 ነው። ይህን ሁሉ የ4 ዓመት ልጅ ላይ በአንድ ጊዜ መጫን ምን ይባላል? ከልጁ ስም የመጀመሪያ ፊደል ጀምሩ። የራሱ ናትና ይወዳታል፤ ታፔላ ላይ፣ ጋዜጣ ላይ፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ይፈልጋታል። ጆሮውንም በጭብጨባ አሠልጥኑት። «ቡ-ና» ሁለት ጭብጨባ፤ «ጀ-በ-ና» ሦስት ጭብጨባ። ፊደላችን ደግ ነውና እንዲህ ባሉ ቃላት ላይ የጭብጨባው ቁጥርና የፊደሉ ቁጥር እኩል ይመጣል። በካርቶን ላይ በከሰል ይሞነጫጭር፤ ወረቀት ካለም በእርሳስ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ከልጄ ጋር ክፉኛ ተከራክረናል። እሷ የፈለገችው ትልቅ ስም ያለውን ነበር። ሄጄ አየሁት። የሦስት ወሩ ክፍያ ከአምስት ወር ጡረታዬ ይበልጣል። እሱስ ይሁን፣ እናት ልትከፍል ነው። ግን የ4 ዓመት ልጆች ግድግዳ ግድግዳ እያዩ ተቀምጠው አንድ ፊደል ገጽ ሙሉ ይገለብጣሉ፤ ማታ ደግሞ ሦስት ገጽ የቤት ሥራ ይዘው ይሄዳሉ። መጫወቻ ሜዳው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ሰፈራችን ያለው ግን ታፔላው ያረጀ ቢሆንም አሸዋ አለው፤ ዥዋዥዌ አለው፤ መምህሯም ልጅ ሲጠራት ጎንበስ ብላ ዓይን ዓይኑን እያየች ትመልሳለች። እሱን መረጥኩ። ልጄ ለሁለት ዓርብ አኮረፈችኝ። ሚጣ ከገባች በኋላ መምህሯ «ይቺ ልጅ ጥያቄዋ አያልቅም፤ ሌሎቹንም አስጀመረቻቸው» ብላ የላከችውን የድምፅ መልእክት ሳስተላልፍላት ነው የታረቅነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ከጎረቤት ልጆች ወደ ኋላ ናት፤ አልደብቅም። እሱ ይደረስበታል።

እንዳትረሱ

ጨዋታውን ፈተና አታድርጉት። «ይሄ ስንት ነው? ይሄስ? ያኛውስ?» እያሉ እንደ መርማሪ ፖሊስ ማፋጠጥ ልጅን ያሸሻል። ልጁ ሲሰለች ተዉት። ሥራ ፈትቶ ጣሪያ ጣሪያ ቢያይም አትደንግጡ፤ አዲስ ጨዋታ የሚፈጥረው ያኔ ነው።

«ጊዜ የለኝም» የምትሉ፣ ልጅ የተለየ ሰዓት አይጠይቃችሁም። ገላውን ስታጥቡት የአካሉን ስም ጥሩለት፤ ታክሲ ውስጥ መስኮቱን አሳዩት፤ ሲተኛ ለ10 ደቂቃ ስልካችሁን ሌላ ክፍል ትታችሁ ተረት ንገሩት። አባቶችም ብትሆኑ «ይሄ የሴት ሥራ ነው» አትበሉ፤ መኪናዋን ስታጥቡ ጨርቅ አስይዙት። ልጃችሁ ከሠራተኛ ጋር የሚውል ከሆነ ደግሞ ሠራተኛዋን አክብራችሁ «ስትሠሪ አውሪው፣ ሲጠይቅሽ መልሺለት» በሏት። ከገጠር የመጣች ልጅ የምታውቀውን ተረትና እንቆቅልሽ የትኛውም ሱቅ አይሸጠውም።

በመጨረሻ አንድ ቁም ነገር። ልጃችሁ 2 ዓመት አልፎት ሁለት ቃል ካላገጣጠመ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ፣ ወይም ይናገር የነበረውን ከተወ «የአባቱ ዘር ነው፣ አፉ ይዘገያል» ብላችሁ አትቀመጡ። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ጆሮው ይታይ። ቶሎ የታየ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ከዚህ ውጭ ያለውን ቤታችሁ ያሟላል። ሲኒው አለ፣ ምስሩ አለ፣ ውሃው በመጣ ቀን አለ። ዛሬ ማታ ልጃችሁ ሲጠራችሁ «ወዬ» በሉትና የሚለውን እስከ መጨረሻው ስሙት። ሰላም ሰንብቱ።